አውራ ጣት ሥር ያለችው ጉድጓድ፦ ስካፎይድን በገዛ እጃችሁ ፈልጋችሁ አግኟት

መጀመሪያ ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አኑሩት፤ ለዚህ ሥራ ሁለቱም እጅ ያስፈልጋል። ቀኝ እጃችሁን ሰው ልትጨብጡ እንደምትሉ ወደ ፊት ዘርጉ። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አቁሙና እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላ ለጥጡት። አውራ ጣቱ ከእጅ አንጓ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጅማቶች እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥረው ብድግ ይላሉ። በመካከላቸው የባቄላ ፍሬ የምታስቀምጥ ጉድጓድ ትቀራለች።

የዛሬው ጉዳያችን ያቺ ጉድጓድ ናት። በአናቶሚ መጻሕፍት «የሱረት ሳጥን» ትባላለች፤ ድሮ አውሮፓ ውስጥ ሱረት የሚወስዱ ሰዎች ዱቄቱን ቆንጥረው እዚህች ላይ አድርገው በአፍንጫቸው ይስቡት ነበር። እኔ ለታካሚዎቼ «ጉድጓዷ» ብቻ ነው የምላት።

አሁን የግራ እጃችሁን ሌባ ጣት ጉድጓዷ ውስጥ አስገቡ፤ ቀስ ብላችሁ። ትንሽ ከታገሣችሁ ትርታ ይሰማችኋል፤ ወደ እጅ ደም የሚወስደው አንዱ ትልቅ ደም ሥር በዚያ ያልፋል። ጫን ስትሉ ወለሉ ጠጣር ነው። ጣታችሁን ሳታነሱ ቀኝ መዳፋችሁን ከአንጓው ወደ ትንሿ ጣት በኩል አዘንብሉት። ከሥር የሆነ ነገር መጥቶ ጣታችሁን ገፋው አይደል? ወደ አውራ ጣት በኩል መልሱት፤ ሸሸ። ያ የሚመጣውና የሚሸሸው ነገር ስካፎይድ የምትባለው የአንጓ አጥንት ናት። ከጤነኛ ሰው አንጓ ላይ ይህን ያህል በግልጽ በጣት ሊከተሉት የሚቻል ትንሽ አጥንት ብዙ የለም።

ሌላም በር አላት። መዳፋችሁን ወደ ሰማይ ገልብጡ። አንጓችሁ ላይ ሰዓት የሚታሰርበት አካባቢ የቆዳ እጥፋት አለ፤ ወደ መዳፉ የቀረበውን እጥፋት ያዙና ወደ አውራ ጣት ሂዱ። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋማ ጉብታ ከመጀመሩ በፊት ጠጠር የምታህል ነገር ታገኛላችሁ። እጃችሁን ወደ አውራ ጣት በኩል ስታዘነብሉት ይበልጥ ጎልታ ትወጣለች። ይህችም ያችው ስካፎይድ ናት፤ ሌላኛው ጫፏ። ከአይበሉባው በኩል ስትሸሽ በመዳፉ በኩል ብቅ ትላለች፤ በአንጓው ውስጥ እንደ ሚዛን ወዲህና ወዲያ ትላለች ማለት ነው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህችን ጉድጓድ በቀን ብዙ ጊዜ እነካለሁ። ግን የተማርኳት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነው።

ጀሪካኑና ደረጃው

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ የቡሄ ሰሞን፣ ዝናቡ ሲያባራ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ስለሆነና በመጣም ጊዜ ጉልበቱ እኛ ጋ ስለማይደርስ ከታች በ20 ሊትር ጀሪካን እናወጣለን። በግራ እጄ ጀሪካን ይዤ ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ሰው በጭቃ ጫማ የረገጠው ደረጃ ላይ እግሬ ሸተተ። ቀኝ እጄን ዘርግቼ አረፍኩ፤ መዳፌ ሲሚንቶው ላይ፣ ሰውነቴ ሁሉ እጄ ላይ።

አላበጠም ማለት ይቻላል። አልተጣመመም። ጣቶቼ ሁሉ ይታጠፋሉ። ስምንቱን የአንጓ አጥንቶች በዚያው ሰኔ እንደ ውዳሴ ማርያም ስደግማቸው የከረምኩ ሰው፣ ራሴን «ወለምታ ነው» ብዬ ቅባት ቀብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ጀሪካን ቀርቶ የበር ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። ሰፈራችን አቅራቢያ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ራጅ ተነሣሁ፤ «ምንም የለውም፣ ወለምታ ነው» ተባልኩ፤ የሕመም ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ።

እናቴ በራጅ ላይ ብዙም እምነት የላትም። ሰባተኛው ቀን ላይ ይዛኝ ወጌሻ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ከበሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ለጋ ቅቤ በብርጭቆ አለ። እኔ፣ የጤና ተማሪው፣ አፍሬ ወደ መሬት አያለሁ።

«አባባ፣ ይቺን እጁን እዩልኝማ፤ ሳምንቱ» አለች እናቴ።

እጄን ተቀበሉኝ፤ ግን አላሹም። አውራ ጣቴን ቀጥ አደረጉና በወፍራም አውራ ጣታቸው ጉድጓዷን ጫን አሉ። ከበርጩማው ላይ ልነሣ ደረስኩ። የግራዬንም እንዲያው ጫኑት፤ ምንም። ተመልሰው የቀኙን።

«በመዳፍህ ነው የወደቅኸው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው እኔ አልነካውም። ይቺ ቦታ ስታምም ዝም ብላ አይደለም። ያሸኋቸው ነበሩ፣ በዓመቱ እጃቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ የሆነ። ሂድና ራጅ ደግመህ ተነሣ።»

ለእናቴ ገንዘቧን መለሱላት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን በተነሣሁት ራጅ ላይ ስካፎይዷ ወገብ ላይ የጸጉር ያህል ጥቁር መስመር ነበረች። ስሟን በቃሌ የማውቃትን አጥንት፣ ስሟን ሰምተው የማያውቁ ሰው አገኙልኝ።

ሁሉም ወጌሻ እንደሳቸው ነው እያልኩ አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ለምን እሷ ትሰበራለች?

አንጓችን ውስጥ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች በሁለት ረድፍ፣ አራት አራት ሆነው ተቀምጠዋል። አንዱ ረድፍ ለክንድ፣ ሌላው ለመዳፍ የቀረበ። ስካፎይድ የምትቆጠረው ከክንድ በኩል ካለው ረድፍ ነው፣ ከዚያም ረድፍ ትልቋ እሷ ናት፤ ነገር ግን ጫፏ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተሻግሮ ይገባል። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይገባዋል፦ ቋሚዎቹን የሚያያይዝ ማገር ናት። ሁለቱ ረድፎች አብረው እንዲታጠፉና አብረው እንዲቃኑ የምታደርገው እሷ ናት። ልብስ ስትጨምቁ፣ የጀበና አንገት ይዛችሁ ስታዘነብሉ፣ ከመሬት በእጃችሁ ተደግፋችሁ ስትነሡ፣ ቅድም በጣታችሁ የተከተላችሁት እንቅስቃሴ ውስጥ ውስጡን ይካሄዳል።

ስሟ ጀልባ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ቅርጿን ሊገምት ይችላል። ለእኔ ግን ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ ነው የምትመስለኝ፤ ሁለት ጫፍና መሃሉ ላይ ቀጠን ያለ ወገብ። የምትሰበረውም ብዙውን ጊዜ፣ ከሦስቱ ሁለት ጊዜ ያህል፣ ወገቧ ላይ ነው። መዳፋችን ተዘርግቶ ስንወድቅ አንጓ ወደ ኋላ ይቆለመማል፤ ሁለት ረድፍ ላይ የተንጋለለችው ይህች አጥንት ከአንዱ ጎን በክንድ አጥንት ጠርዝ ተይዛ ከሌላው ጎን በመዳፉ ትገፋለች። ሸንኮራ አገዳ በጉልበት እንደሚሰበረው። ከአንጓ ትናንሽ አጥንቶች ስብራት መካከል አብዛኛው የእሷ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተጠቂዎቹም በብዛት ጎረምሶችና ወጣት ወንዶች ናቸው፦ ኳስ፣ ሞተር ሳይክል፣ የግንባታ ሥራ። አሮጊት እናታችን በዚያው አወዳደቅ ብትወድቅ ይበልጥ የሚሰበረው ከስካፎይድ በላይ ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጅን ያጣምማል፣ ማንም አይቶ ያውቀዋል። ስካፎይድ እንዲህ አትታይም። ክፋቷ እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የደሟ ነገር ነው። ስካፎይድ ከአምስት አጥንቶች ጋር ትነካካለች፤ ስለዚህ አራት አምስተኛ ያህሉ ገጿ በካርቲሌጅ፣ በሚያንሸራትተው የመገጣጠሚያ ልባስ፣ የተሸፈነ ነው፣ ደም ሥር ደግሞ በካርቲሌጅ በኩል አይገባም። የሚገባባት ቦታ ጠባብ ነው፤ አብዛኛው ደሟ የሚገባው በአውራ ጣት በኩል ባለው ግማሿ ነው። ከዚያ በአጥንቷ ውስጥ ወደ ኋላ፣ ወደ ክንድ በኩል ወዳለው ጫፍ ይመለሳል።

የኛን ኮንዶሚኒየም አስቡት። ቧንቧው ከታች ይገባል፣ አራተኛ ፎቅ የሚጠጣው ከሥሩ ያሉት ከተረፋቸው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧው ቢሰበር የታችኞቹ ምንም አይሆኑም፤ እኛ እንደርቃለን። ስካፎይድ ወገቧ ላይ ስትሰበር የክንድ በኩሉ ጫፍ አራተኛ ፎቅ ነው። ደም ያጣ አጥንት ቀስ ብሎ ይገጥማል፣ ወይም አይገጥምም፣ አንዳንዴም ይሞታል። ስብራቱ ወደዚያ ጫፍ በቀረበ ቁጥር ችግሩ ይብሳል። በአውራ ጣት በኩል ያለው ጫፍ ከተሰበረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊበቃው ይችላል፤ ወገቡ ከ8 እስከ 12፤ የክንድ በኩሉ ጫፍ ሦስት ወር አልፎ እስከ አምስትና ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል።

ከወደቃችሁ በኋላ እንዴት ትመረምራላችሁ?

በመዳፍ የወደቀ፣ ወይም ኳስ በተዘረጋ መዳፉ የመታው ሰው ሦስት ቦታ ይፈተሽ። አንደኛው ጉድጓዷ ነው፤ አውራ ጣት ተለጥጦ፣ በሌባ ጣት ወለሉን ጫን። ሁለተኛው ቅድም ያገኛችኋት በመዳፍ በኩል ያለችው ጠጠር። ሦስተኛው፦ አውራ ጣትን ከጫፉ ይዛችሁ ቀጥታ ወደ አንጓው በኩል ግፉት፣ እንደ ቡሽ ክዳን። ሁልጊዜ ጤነኛውን እጅ አስቀድሙ። ጉድጓዷ በጤነኛ እጅም ብትሆን ጠንክረው ሲጫኗት ደስ አትልም፤ ስለዚህ ጥያቄው «ያማል ወይ» ሳይሆን «ከዚያኛው ይልቅ ያማል ወይ» ነው።

ከሦስቱ አንዱ እንኳ በተጎዳው እጅ ላይ ለይቶ ካመመ፣ ተሰብሯል እንደተባለ ቁጠሩትና እንዲያው ያዙት። ያመመው ሁሉ የተሰበረ አይደለም፤ በእኔ ጠረጴዛ ላይም ጉድጓዷን አሟቸው አጥንታቸው ደህና ሆኖ የተገኘ ብዙዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች የከሰሩት የሁለት ሳምንት ማሰሪያ ብቻ ነው። ሕመሙ ከሌለ ደግሞ ያ ጥሩ ምልክት ነው፤ ነገር ግን እጁ ካበጠ ወይም ለመጨበጥ ካቃተ ሌላ የተሰበረ አጥንት ሊኖር ስለሚችል ራጁ አይቅር።

ሐኪም ቤት እስክትደርሱ፦ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁ፤ እጅ ሲያብጥ ቀለበት በመጋዝ ነው የሚወጣው። ካርቶን ቆርጣችሁ ከመዳፉ መሃል እስከ ክንዱ መሃል ከሥር አድርጉና በሻሽ ወይም በነጠላ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ያዙበት። እጁን በነጠላ አንገት ላይ አንጠልጥሉት፣ ከልብ ከፍ ቢል ይሻላል። አትሹት። አትጎትቱት። «ይፍታታ» ብላችሁ አታሽከርክሩት።

ወደ ወጌሻዎች እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ስለ ማሰር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጠብቆ የታሰረ የቀርከሃ ስንጥር ደም አግዶ እጅ ያስቆረጠበት ታሪክ በሀገራችን ሐኪሞች ደጋግሞ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ጄሶም ቢሆን ከጠበቀ ያንኑ ያደርጋል። ማን እንዳሰረው ለውጥ የለውም። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ወይም ሌላ ሰው ጣታችሁን ቀስ ብሎ ሲያቃናው እሪ ካሰኛችሁ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት ይፈታል።

ራጅ ክፍል ስትገቡ «አንጓዬን አሞኛል» ብቻ አትበሉ። ጉድጓዷን በጣታችሁ አሳዩና «ስካፎይድ ተጠርጥሮ ነው» በሉ። ለእሷ ተብሎ የሚነሣ አቀማመጥ አለ፤ እጅ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ዘንበል ብሎ የሚነሣ። ለምን እንደሆነ ቅድም በጣታችሁ አውቃችሁታል፦ ያኔ ነው ከተኛችበት የምትቀናውና ሙሉ ቁመቷ የሚታየው። እኔ ያኔ ይህን አላልኩም፤ የተነሣሁትም የአንጓ ተራ ራጅ ነበር።

በትክክል ብትነሡም ግን የመጀመሪያው ቀን ራጅ ሊያመልጠው ይችላል፤ እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ስብራቶች መጀመሪያ ላይ እንደማይታዩ ነው የምንማረው። ስንጥቋ ቀጭን ስለሆነች ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ሲያልፍ የስብራቱ ጠርዝ በተፈጥሮ ትንሽ ስለሚሟሟ መስመሩ ይሰፋል፣ ይታያል። ስለዚህ ጉድጓዷ እያመመች «ራጁ ንጹሕ ነው» ከተባላችሁ መልሳችሁ አንድ ነው፦ «እሺ፣ እንግዲያው ይታሰርልኝና በሁለት ሳምንት ልመለስ።» ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) አቅማችሁ ከፈቀደ ወዲያው ይለየዋል፤ ካልፈቀደ ማሰሪያና ትዕግሥት ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ስብራቱ ካልተንቀሳቀሰ ጄሶ ይበቃዋል። የእኔ አውራ ጣቴንም ይዞ ነበር፤ ዛሬ አውራ ጣትን ነፃ የሚተዉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ሁለቱ ቁራጮች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተራራቁ ወይም የተሰበረው የክንድ በኩሉ ጫፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ብሎን ይገባል። ብሎኑ ራስ የለውም፤ በሁለቱ ጫፎቹ ያለው ጥርስ አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ ስለሆነ ሲዞር ሁለቱን ቁራጮች ወደ እርስ በርስ ይስባል፣ ሙሉ በሙሉም አጥንቱ ውስጥ ይቀበራል። ኸርበርትና ፊሸር የተባሉ ባለሙያዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ዘዴ ነው፤ እኔ ካየሁት የእጅ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም።

ሳይገጥም ከቀረስ? መጀመሪያ ላይ ምንም አይመስልም። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል። አንድ ልስን የሚሠራ ሰው ወደ እኔ የመጣው ከወደቀ ከሰባት ዓመት በኋላ ነበር፤ «የልስን መሣሪያው እየከበደኝ መጣ» ብሎ። አንጓው ወደ ኋላ አይታጠፍም፣ ጉድጓዷ ተደፍናለች። ማገሩ ሲቆረጥ ረድፎቹ ለየብቻ ይሄዳሉ፣ ካርቲሌጁ ይበላል፣ ሪህ የሚመስል ሕመም ይከተላል። ለእሱ የቀረለት ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነበር። ያኔ ሁለት ሳምንት ታስሮ ራጅ ደግሞ ቢነሣ ኖሮ ምናልባት እጄም አይገባም ነበር።

ጄሶ ውስጥና ከጄሶ በኋላ

አሥር ሳምንት ቆየሁ። እንጀራ በግራ እጅ አልቆርስም ብዬ እናቴ ታጎርሰኝ ነበር፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። በጄሶ ሰሞን ጣታችሁን በየሰዓቱ ጨብጡ ዘርጉ፤ ክርንና ትከሻችሁንም አንቀሳቅሱ። በስንደዶ ውስጡን አትከኩ፤ ቆዳ ትቧጭሩና ይመግላል። ስትታጠቡ ፌስታል አልብሱት። የምታጨሱ ከሆነ ይህ የማቆሚያ ጊዜ ነው፤ ሲጋራ ለዚህች አጥንት በተለይ ጠላቷ ነው፣ የቀረላትን ጥቂት ደም ይቀንስባታል።

ጄሶው ሲፈታ የምታዩት እጅ የእናንተ አይመስላችሁም፤ ቀጭን፣ የተቀረፈ፣ ደረቅ። አትደንግጡ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አውራ ጣታችሁን በየተራ ከአራቱ ጣቶች ጫፍ ጋር አገናኙ። አንጓውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ሕመም እስኪጀምር ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት ሊጥ ማቡካት እሰጣለሁ፤ ከስፖንጅ ኳስ ይሻላል፣ ቤት ውስጥም አለ። ክብደትና በመዳፍ መደገፍ ግን ሐኪሙ በራጅ «ገጥሟል» እስኪል አይሆንም። ጉድጓዷን እየተጫናችሁ ራሳችሁን ፈትሹ፤ ሕመሙ ከተመለሰ ፈጥናችኋል።

ጄሶዬ ከተፈታ ከወር በኋላ እናቴ ታጥቦ የተነከረ ጋቢ አምጥታ አንዱን ጫፍ አስያዘችኝ፤ «እንግዲህ ጭመቅ» አለች። እሷ በዚያ ጠመዘዘች፣ እኔ በዚህ። ውሃው ተንጠባጠበ። የአጥንቷን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ሁለቴ ሞክራ ተወችው። አሁንም ፑሽ አፕ የምሠራው በቡጢዬ ነው፣ ሐኪሙ ከፈቀደልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ።